ባትሪው ሲከፈት ውስጡ ወርቅ መሰለ፤ አኖዱ ለምን ይረግፋል? ከከሰላችንስ ዕድሜ ያለው አኖድ ይወጣል?

ባትሪ ሠሪዋ (ፍኖተ ሰላም) ጠየቀች፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ። ሞባይል፣ የሶላር ፋኖስ፣ ሬዲዮ፣ ስፒከር እሠራለሁ። በኤሌክትሪሲቲ 10+2 ጨርሻለሁ። ኬሚስትሪውን ብዙ አልገፋሁበትም። ስለዚህ ስትመልሱልኝ ቀለል አድርጉልኝ።

ሱቄ ጥግ ላይ አሸዋ የሞላሁበት የቀለም ባልዲ አለ። ያበጡ ባትሪዎችን እዚያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። በገበያ ቀን ከጅጋ፣ ከደምበጫ፣ ከቋሪት የሚመጡ ሰዎች ባልዲውን ይሞሉታል። ባለፈው ወር አንድ ገበሬ ልጁ ማታ የምታጠናበትን የሶላር ፋኖስ ይዞ መጣ። ፓነሉ ደህና ነው። ሰርኪዩቱ ደህና ነው። የሞተው ባትሪው ብቻ ነው። «ፀሐዩ ሞልቶ እንዴት በጨለማ እንቀመጣለን?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ገጠምኩለት። እሱስ ስንት ጊዜ ይቆያል? ይኸው ነገር ከውስጤ አልወጣ አለኝ።

ከዚያ አንድ ያበጠ የሞባይል ባትሪ ጓሮ ወስጄ ከፈትኩ። በሜትር ስለካው 4.1 ቮልት ነበረው። መጀመሪያ የሸተተኝ እንደ ቀለም ማቅጠኛ ያለ፣ ግን ጣፈጥ የሚል ሽታ ነው። የተጠቀለለውን ፈታሁት። አንዱ ወገን፣ ካቶድ የሚባለው፣ አሉሚኒየም ላይ የተቀባ ጥቁር ነገር ነው። ሌላው ወገን፣ አኖድ የሚባለው፣ መዳብ ላይ የተቀባ ነው። እሱ ግን ጥቁር አልነበረም። ወርቅ ነው የሚመስለው! የእናቴን የአንገት ሐብል አስታወሰኝ። እያየሁት ደግሞ ወደ ቀይ፣ ወደ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ወደ ጥቁር ተለወጠ። በእጄ ስነካው ሞቋል። መሃል መሃሉ ላይ ግን ወርቃማ ያልሆነ፣ አመድማ፣ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭ ነገር ነበረበት።

ሌላም ከፈትኩ። ይሄኛው የቆየ ነው፤ ቮልቱ ዜሮ። ጥቁሩ ዱቄት መዳቡን ለቆ እንደ ጥላሸት እጄ ላይ ረገፈ። መዳቡ ራሱ ቦታ ቦታው ላይ ተበሳስቷል።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ያ ወርቃማ ነገር ምንድን ነው? ዱቄቱ መዳቡን የሚለቀው ለምንድን ነው? አኖድ የሚሠሩ ሰዎች እንዳይረግፍ ምን ያደርጋሉ? እኔ ዜሮ የሆኑትን ከሌላ ባትሪ ጋር እያነካካሁ ነው የማስነሳቸው። ብዙዎቹ ይነሳሉ፣ ግን አይቆዩም።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የእህቴ ባል ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ያከስላል። አኖዱ ካርቦን ነው ይባላል። ከሰልም ካርቦን ነው። ታዲያ ከኛ ከሰል አኖድ መሥራት አይቻልም? ቢሠራስ ይቆያል?

ቢቸና ተወልጄ (ባሕር ዳር) መለሰ፦

ሰላም እህቴ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ቻርጅ ያለው ባትሪ ዳግመኛ እንዳትከፍቺ። ጓሮ መሆንሽ ጠቅሞሻል። ያ ጣፈጥ ያለሽ ሽታ የኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም ሊቲየሙ ከወገን ወደ ወገን የሚሄድበት ፈሳሽ፣ ነው፤ ይቀጣጠላል፣ ለሳንባም ደግ አይደለም።

ያየሽው ወርቅ ሊቲየም ጠጥቶ የጠገበ ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። ቀለሙ በእውነት ወርቃማ ነው፤ ዓይንሽ አላታለለሽም። ስድስት ካርቦን አንድ ሊቲየም ሲይዝ ወርቃማ ይሆናል። ሊቲየሙ ሲቀንስ ቀይ ይሆናል፤ ሲብስ ሰማያዊ ይሆናል፤ ባዶ ሲሆን ጥቁር። አንቺ ከፍተሽ አየሩ እርጥበት ሲያቀብለው ሊቲየሙ እየወጣ ተዋሐደ፣ ሞቀም። አመድማው ቦታ ደግሞ የባሰ ነው። እሱ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት አቅቶት ላዩ ላይ የተለበጠ ሊቲየም ነው። ያ ባትሪ የተበላሸበትን አንዱን ምክንያት በዓይንሽ አይተሻል ማለት ነው።

እኔ ቢቸና ነው ያደግኩት። ውጭ አገር ስማር ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ አኖድ መሥራት ነበር። አሁን ባሕር ዳር አስተምራለሁ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ለምን አይቆይም» ብሎ መጠየቅ «ስንት ይይዛል» ከማለት ይበልጣል። ብዙ ተመራማሪ የሚሮጠው ሁለተኛውን ይዞ ነው።

ግራፋይትን እንደ ደብተር አስቢው። ካርቦኑ ቅጠል በቅጠል ተደርቧል። ሊቲየም በቅጠሎቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል። ሲገባ ደብተሩ ከ100 እጅ 10 ያህል ብቻ ይወፍራል። ዕድሜ የሰጠው ይህ ነው። አንድ ግራም ግራፋይት ቢበዛ 372 ኤምኤኤች (ባትሪ ላይ የሚጻፈው የአቅም መለኪያ) ይይዛል።

ግን ደብተሩ ብቻውን አይበቃም። ምጣድ ስታሟሺ አስቢ። አዲስ ምጣድ ላይ ዝም ብለሽ ሊጥ ብታፈሺበት እንጀራው ይጣበቃል። በጎመን ዘር ታሽቶ፣ ግሎ፣ ላዩ መያዝ አለበት። አኖድም እንደዚያው ይሟሻል። ፋብሪካው ውስጥ መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ቻርጅ ሲደረግ ኤሌክትሮላይቱ ግራፋይቱ ላይ ይፈራርስና ስስ ቆዳ ይሠራል። የሙያው ሰዎች ኤስኢአይ ይሉታል። ውፍረቱ በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) የሚለካ ነው። ሊቲየምን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሮንን ግን ያግዳል። ስለዚህ ኤሌክትሮላይቱ ከዚያ ወዲያ መፈራረሱን ይተዋል። ለዚህ ማሟሻ ከሊቲየሙ ከ100 እጅ 5 እስከ 10 ያህሉ ይበላል፤ አይመለስም። ቆዳው ጥሩ ከሆነ ባትሪው ዓመታት ይቆያል። ከተሰነጠቀ ግን በስንጥቁ ሥር አዲስ ግራፋይት ይጋለጣል፤ እንደገና ይሟሻል፤ እንደገና ሊቲየም ይበላል። የባትሪ እርጅና ትልቁ ክፍል ይህ ነው።

ይህን ቆዳ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ተመራማሪው ራሺድ ያዛሚ እ.ኤ.አ. በ1980 ሊቲየም ግራፋይት ውስጥ ገብቶ መውጣት እንደሚችል በኤሌክትሮኬሚስትሪ አሳየ። ያኔ የተለመደው ፈሳሽ ፕሮፒሊን ካርቦኔት ግን ግራፋይቱን ቅጠል በቅጠል እየገሸለጠ ያፈርሰው ነበር። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ከነዳጅ የሚገኝ ኮክ ተጠቀመ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ባትሪም አኖዱ ኮክ ነበር። ግራፋይት ቦታውን የያዘው ኤቲሊን ካርቦኔት ሲመጣ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ የካርቦን ክንድ ነው። አንዱ ግራፋይቱን ይገሸልጣል፣ ሌላው ያሟሸዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ይገርመኛል። አኖዱን ብቻ ይዘሽ ስለ አኖዱ ዕድሜ መናገር አትችይም። ፈሳሹ የአኖዱ ግማሽ ነው።

አሁን በግራፋይት ፈንታ አኖድ ሊሆን ወደሚችለው ወደ ሲሊከን ልውሰድሽ፤ የኔ ሁለት ዓመት ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ሲሊከን በግራም 3,579 ኤምኤኤች ይይዛል። የግራፋይትን ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ግን ሲጠግብ ወደ አራት እጥፍ ሊጠጋ ያብጣል። የቢቸናን መረሬ አፈር አይተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። ክረምት ላይ ያብጣል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ የሰው እግር ይውጣል። መረሬ ላይ የተሠራ ቤት መሠረቱ ይፈነዳል። ሲሊከንም በየቻርጁ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያሳልፋል።

የመጀመሪያዋን የሲሊከን ሴል (ትንሽ የሙከራ ባትሪ) ስሠራ የመጀመሪያው ዙር (አንድ ጊዜ ቻርጅ ሆኖ ማለቅ) ውጤት አስደስቶኝ ማታውን ለእናቴ ደወልኩላት። በ20ኛው ዙር ግማሹ ጠፋ። በ50ኛው ከተራ ግራፋይት በታች ወረደ። ከፍቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው የየካቲት ወር የቢቸና እርሻ ቁጭ ብሏል። ተሰነጣጥቆ፣ ተልጦ፣ ግማሹ መዳቡን ለቆ። አንቺ እጅ ላይ የረገፈው የዚህ ዘመድ ነው።

መድኃኒቱ ከብዙ አቅጣጫ ነው የመጣው። አንደኛው ቅንጣቱን ማሳነስ ነው። ከ150 ናኖሜትር ያነሰ የሲሊከን ቅንጣት ቢያብጥም አይሰነጠቅም። ደስ ይላል፣ ግን ዕዳ አለው። ትንንሽ ቅንጣት ማለት ብዙ ገላ ነው፤ ብዙ ገላ ደግሞ ብዙ ማሟሻ ይፈልጋል፤ ሊቲየሙ እዚያ ያልቃል። ስለዚህ ትንንሾቹን ሰብስበው በካርቦን ውስጥ ያሽጓቸዋል፤ ለእብጠቱ የሚሆን ባዶ ቦታም ውስጡ ይተዉለታል። ቆዳው የሚሠራው በውጭኛው ካርቦን ላይ ነው፤ ሲሊከኑ ውስጥ ሆኖ ይተነፍሳል። ይህ ሐሳብ ውብ ነው። ማምረቻው ግን ውድ ነው። ስለዚህ ሲሊከን ወደ ሞባይልና ወደ መኪና ባትሪ ሲገባ በአብዛኛው ጥቂት ሲሊከን ወይም የሲሊከን ኦክሳይድ ከግራፋይት ጋር ተቀላቅሎ ነው።

እኔን ያዳነኝ ግን ማጣበቂያው ነው። ዱቄቱን እርስ በርስና ከመዳቡ ጋር የሚይዘው ሙጫ ማለቴ ነው። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ፒቪዲኤፍ የሚባል ፕላስቲክ ነበር። ለግራፋይት ደህና ነው፤ ሲሊከን ሲያብጥ ግን ይለቃል። አንድ ማታ አባቴ ቤት ሲመርግ ትዝ አለኝ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ቀላቅሎ ቀናት ያቦካዋል። «ጭድ የሌለው ጭቃ በመጀመሪያው ፀሐይ ይፈርጣል» ይለኝ ነበር። በማግስቱ ሲኤምሲ ወደሚባለው ማጣበቂያ ዞርኩ። እሱ በውሃ ይቦካል፤ የሚሠራው ደግሞ ከተክል ቃጫ፣ ከሴሉሎስ ነው። ጭድም ሴሉሎስ ነው! ሲኤምሲ የሲሊከኑን ገላ በብዙ ትንንሽ እጆች ይይዛል፤ ሲለቅም መልሶ ይይዛል። በርግጥ ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ከኔ በፊት ብዙ ሰው ጽፎበታል። ግን በአባቴ ጭቃ በኩል ነው የገባኝ። ፈሳሹ ላይም ኤፍኢሲ የሚባል ጥቂት ጠብታ ጨመርኩ፤ ቆዳውን ያጠነክረዋል። ያቺ ሴል ከሁለት መቶ ዙር በኋላም ቆማ ነበር።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ፤ ለተማሪዎቼም ሁሌ የምነግራቸው ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አኖድ የሚፈተነው ብዙ ጊዜ ከንጹሕ የሊቲየም ብረት ጋር ተጋጥሞ ነው። እዚያ ሊቲየም አያልቅም። አኖዱ በየዙሩ ቢበላም ከጎተራው ይተካለታል። ስለዚህ የማይቆየው የሚቆይ ይመስላል። እውነተኛ ባትሪ ውስጥ ጎተራ የለም፤ ያለው ካቶዱ ይዞት የመጣው ሊቲየም ብቻ ነው። አስይው፤ በየዙሩ ከገባው ሊቲየም ከ100 እጅ 99.9 ተመለሰ እንበል። ጥሩ ይመስላል። 500 ዙር ሲሞላ ግን የሚቀርሽ 61 ያህል ነው። 99.99 ከሆነ 95 ይቀርሻል። ልዩነቱ ያለው ከነጥቡ በኋላ ነው። «አኖዴ ብዙ ይይዛል» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ የምጠይቀው ይቺን ቁጥር ነው።

ስለ ዜሮ ቮልቱ ባትሪሽ ደግሞ፣ እባክሽ ማስነሳቱን ተዪ። ባትሪ ከልክ በላይ ሲወርድ አኖዱ ጋ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል። የተበሳሳው ለዚህ ነው። መልሰሽ ቻርጅ ስታደርጊው የሟሟው መዳብ ሌላ ቦታ እንደ እሾህ ይበቅልና ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደርጋል። ዛሬ ተነሳ ብለሽ የሰጠሽው ባትሪ ሌሊት ልጅ አጠገብ ሊቀጣጠል ይችላል። ዜሮ ሆኖ የቆየ ሊቲየም ባትሪ አበቃለት በይው።

የከሰሉን ነገር ነገ እመለስበታለሁ። ብዙ የሚባል ነገር አለው።

ከሰል አክሳዩ (አዲስ ቅዳም አካባቢ) መለሰ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መምህር፣ ከሰሉን ቶሎ ይመለሱበት፤ ብዙዎቻችን እየጠበቅን ነው።

እኔ የፋግታ ሰው ነኝ። እኛ ጋ ዲከረንስ ማለት ኑሮ ነው። ችግኙን ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር እንተክላለን፤ በቀጣዩ ዓመት ሣር እናጭድበታለን፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጠን እናከስላለን። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። አሁን ግን ዛፉን በሽታ መቶታል። ቅጠሉ እየደረቀ ብዙ ሰው ተጎድቷል። እና ከአንድ ኩንታል ከሰል የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ ነገር ካለ መስማት እንፈልጋለን።

የማውቀውን ልናገር። እንጨቱን ከምረን፣ በሣርና በቅጠል ሸፍነን፣ አፈር እንመልስበታለን። አየር እንዳይገባው ቀን ከሌሊት እንጠብቀዋለን። ጢሱ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፤ ውሃው ነው የሚወጣው። ሲሳሳና ሰማያዊ ሲል በስሏል እንላለን። አንድ ቦታ አፈሩ ከተናደ አመድ ሆኖ ይቀራል። ከአንድ ክምር የሚወጣው ከሰልም አንድ ዓይነት አይደለም። ከመሃል የወጣው ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። ከዳር ያለው ድምፁ የታፈነ ነው፤ ሲነድም ይጨሳል። ነጋዴው አይለየውም። እኛ እንለየዋለን።

ቢቸና ተወልጄ (ባሕር ዳር) መለሰ፦

ወንድሜ፣ ያ «እንደ ብረት ይጮኻል» ያልከው ነገር ትልቅ ነገር ነው። አሁን ወደሱ እመጣለሁ።

እህቴ፣ ለከሰሉ መልሴ ሁለት ፊት አለው።

ከሰል እንዳለ፣ ከክምሩ እንደወጣ፣ ጥሩ አኖድ አይሆንም። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የአፈር ክምር ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ካርቦኑ ውስጥ ገና ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አለ፤ ኤሌክትሪክም በደንብ አያሳልፍም። አመድም አለው፤ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሌላም። ከሁሉ የከፋው ግን ቀዳዳው ነው። ከሰል ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ የአንድ ግራም ከሰል ገላ ሲዘረጋ ሰፊ መሬት ይሸፍናል። ገላ በበዛ ቁጥር ማሟሻው ይበዛል ብዬሽ የለ? ብዙው ሊቲየም የመጀመሪያው ዙር ላይ ያልቃል።

በአሲድ አጥቦ፣ አየር በሌለበት ምድጃ ከ1,000 እስከ 1,400 ዲግሪ መልሶ ማቃጠል ግን ይቻላል። ያኔ ሃርድ ካርቦን የሚባለው ይሆናል። «አጥብቀን ብናቃጥለው ግራፋይት ይሆን ይሆን?» ትይኝ ይሆናል። አይሆንም። ተመራማሪዋ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1951 ካርቦኖችን ለሁለት ከፍላለች። የአንዳንዶቹ ቅጠሎች በ3,000 ዲግሪ ይደረደራሉ፤ ሌሎቹ በዚያም ሙቀት እንደተጨማደዱ ይቀራሉ። የኮክ ዓይነቶቹ ይደረደራሉ። የእንጨት ከሰል እንደተጨማደደ ይቀራል፤ ሲፈጠር ቀልጦ ስለማያውቅ። የዲከረንስ ደብተር ቅጠሎቹ ተጨማደው የደረቁ ደብተር ነው።

ይህ ግን ለጽናት ክፉ አይደለም! የተጨማደደው ቅጠል ከመጀመሪያውም የተራራቀ ነው፤ ሊቲየም ሲገባ ከግራፋይት ያነሰ ያብጣል። ሶዲየም ደግሞ ከሊቲየም ይወፍራል፤ ግራፋይት ውስጥ እንደሚገባው አይገባም። ሃርድ ካርቦን ውስጥ ግን ይገባል። የሶዲየም ባትሪ አኖድ ዛሬ በአብዛኛው ሃርድ ካርቦን ነው፤ ከኮኮናት ቅርፊት፣ ከስኳር፣ ከእንጨትም ይሠራል። ስለዚህ የፋግታ ከሰል ተስፋ ያለው ከሊቲየም ይልቅ በሶዲየም በኩል ይመስለኛል። ኩንታሉን ነገ የሚያስወድድ ነገር ግን አይደለም። ከክምር እስከ ሴል መሃሉ ላይ ምድጃ፣ ማጠቢያ፣ ወፍጮ፣ ብዙ ፈተና አለ። ወንድሜን በተስፋ ብቻ ልሸኘው አልፈልግም።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ሲመታ የሚጮኸው ከሰል ከፍ ባለ ሙቀት የበሰለው ነው። ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙም አብሮ ያድጋል፤ ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ባለው መሃል ላይ በጣም ይዘላል። እህቴ ኦም ሜትር አለሽ። ከክምሩ መሃልና ከዳር የወጣ ቁራጭ አስመጪና፣ በእኩል ርቀት ሁለቱን ጫፍ አስነክተሽ ለኪው። እሳት የለበትም፣ አደጋ የለውም። ንገሪን።

ሶላር ገጣሚ (ደብረ ማርቆስ) መለሰ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ከተጠቃሚው በኩል አንድ ነገር ልጨምር፤ አኖድ ፋብሪካ ውስጥ ብቻ አይደለም የሚሞተው።

ጮቄ ተራራ ሥር ባሉ ቀበሌዎች ለጤና ኬላና ለትምህርት ቤት ሶላር እገጥማለሁ። ባትሪዎቹ አብዛኞቹ የብረት ፎስፌት ሊቲየም ናቸው። ካቶዳቸው ይለያል እንጂ አኖዳቸው ያው ግራፋይት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የገጠምኳቸው ሁለቱ ቶሎ ወደቁ። ሻጩ «ባትሪው ጥሩ ነው፣ አያያዙ ነው» አለኝ። ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። አንዱን ጣራ ሥር፣ ቆርቆሮው ላይ አስጠግቼ ሰቅየዋለሁ። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፤ ያ መምህሩ ያሉት ቆዳ በሙቀት እየወፈረ ሊቲየሙን ይበላዋል። ሌላው ከፍታው ላይ ውጭ ሳጥን ውስጥ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጧት ባትሪው በረዶ ሆኖ እያለ ፀሐይ ፓነሉን መታችው፤ ቻርጁ ገባ። በብርድ ሊቲየም ወደ ግራፋይቱ ቶሎ አይገባም። እህታችን ያየችው አመድማ ነገር የሚሠራው ያኔ ነው።

አሁን ሳጥኑን ቤት ውስጥ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ጭቃው ግድግዳ ላይ አደርገዋለሁ። ጭቃ ቀንም ሌሊትም ልኩን አይለቅም። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ የሚዘጋ መቆጣጠሪያም እገጥማለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተመለሰብኝም።

መምህር፣ ስለ ሊቲየም ቲታኔት ምን ይላሉ? ለጤና ኬላ የክትባት ፍሪጅ ይሆናል ሲባል ሰምቻለሁ።

ቢቸና ተወልጄ (ባሕር ዳር) መለሰ፦

ሶላር ገጣሚው፣ የጻፍከውን ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

ቲታኔት ለጽናት የተፈጠረ አኖድ ነው። ሊቲየም ሲገባም ሲወጣም መጠኑ ከ100 እጅ አንድ እንኳ አይለወጥም። ግራፋይት ከሊቲየም ብረት በላይ በ0.1 ቮልት ገደማ ነው የሚሠራው፤ ገደል አፋፍ ላይ እንደመሄድ ነው፤ ትንሽ ከተገፋ ሊቲየሙ ላዩ ላይ ይለበጣል። ቲታኔት በ1.55 ቮልት ላይ ነው፤ ከገደሉ ሩቅ። ስለዚህ ብርድን ይችላል፣ ፈጣን ቻርጅን ይችላል፣ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይቆያል። ዋጋው ግን እዚያው ላይ ነው። በግራም 175 ኤምኤኤች ብቻ ነው የሚይዘው፤ የሴሉ ቮልትም ይወርዳል። ከባድና ውድ ይሆናል። ለሞባይል አይሆንም። ቦታውን ለማይለቅ የክትባት ፍሪጅ ግን፣ ገንዘቡ ከተገኘ፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ። እናት ሕፃን አዝላ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መጥታ «ክትባቱ ተበላሽቷል» መባል የለባትም።

ባትሪ ሠሪዋ (ፍኖተ ሰላም) መለሰች፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም።

ዜሮ የሆኑትን ማስነሳት አቁሜያለሁ። ባለፉት ሁለት ወራት ያስነሳሁላቸውን ደንበኞች ስልክ ቁጥራቸው ያለኝን ደውዬ አስመልሻለሁ። ስምንት ነበሩ፤ ስድስቱን አገኘሁ። አንዷ ሴትዮ «ሌሊት ትራስ ሥር ነው የማደርገው» ስትለኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። የቀሩትን ሁለቱን በሰው አስፈልጌያቸዋለሁ።

ከሰሉን ለካሁት። የእህቴ ባል ከአንድ ክምር ስድስት ቁራጭ ላከልኝ፤ ሦስት ከመሃል፣ ሦስት ከዳር። ሁሉንም በመጋዝ ጣት በሚያክል እኩል ርዝመት ቆረጥኳቸው። ጫፍና ጫፋቸው ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ ለካሁ። የዳሮቹ ሦስቱም ሜትሩ ላይ ምንም አላነበቡም። ክፍት ነው ያለኝ። ከመሃሎቹ ሁለቱ አነበቡ፤ ግን ብዙ መቶ ኪሎ ኦም ናቸው፣ ሽቦውን ሳጠብቀውም ይዋዥቃሉ። ሦስተኛው ግን 240 ኦም! ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሲመታም እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። ደውዬ ጠየቅሁት። ያ ቁራጭ የወጣው ሌሊት አፈሩ ተንዶ እሳቱ ከበረታበት አጠገብ ነው አለኝ። እሱ የተበላሸ ቦታ ነው ብሎ ያሰበው ነው።

መምህር፣ ይቺን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጨልዎታለሁ። ሐሙስ ወደ ባሕር ዳር የምትሄድ ጓደኛ አለችኝ። የት ታድርስልዎት?

ቢቸና ተወልጄ (ባሕር ዳር) መለሰ፦

ቦታውን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ከዳር የወጣውንም አንድ ጨምሪበት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ። ላያቸው ላይ የትኛው የቱ እንደሆነ በእርሳስ ጻፊበት። የእርሳሱ ነገር ደግሞ ግራፋይት ነው፤ ስለዚህ ከሰሉ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ።